የደመወዝ ጣሪያና የተጫዋቹ ፊርማ፦ ከአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እስከ እኛ ሊግ



ስለ ተጫዋቾች ክፍያና ዝውውር እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ነገሩን ከሩቅ፣ ከአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለመጀመር መረጥሁ። በእኛ ሊግ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የተወሰነውን ዓይነት ውሳኔ እነርሱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖረውበታል፤ ኋላም ፍርድ ቤቶች አንድ በአንድ አፍርሰውባቸዋል። ለምን እንደፈረሰ ማወቅ የራሳችንን ለመመርመር ይረዳል።

ለማስረዳት እንዲመቸን አንድ ወጣት በሐሳባችን እንፍጠር። ዕድሜው ዐሥራ ዘጠኝ፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ ትውልዱ እዚሁ ቦሩ ሜዳ ነው። (ቦሩ ሜዳ ሲነሣ የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ትዝ የሚላችሁ የታሪክ ተማሪዎች ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዛሬ ሜዳውን የፈለግሁት ለኳስ ነው።) ይህ ልጅ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ እንዲጫወት ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘ እንበል። የትምህርት ክፍያው፣ መኝታውና ምግቡ ተሸፍኖለታል። ከዚህ በላይ አንድ ብር ቢቀበል ግን፣ እስከ ቅርብ ዓመታት በነበረው ደንብ የመጫወት መብቱን ያጣ ነበር።

ይህን ደንብ ያወጣው ኤንሲኤኤ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ነው። አባላቱ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ናቸው። የሥርዓቱ ምሰሶ «ተማሪ-ስፖርተኛ» የሚለው ስያሜ ነበር። ስያሜው የትምህርት ፍልስፍና የወለደው ይመስላል፤ የወለደው ግን የካሣ ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሬይ ዴኒሰን የተባለ የኮሎራዶ ኮሌጅ ተጫዋች በአሜሪካን ፉትቦል ግጥሚያ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ በሥራ ላይ ለደረሰ ሞት የሚከፈለው ካሣ ይገባኛል ብላ ጠየቀች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 ሟቹ የኮሌጁ ሠራተኛ አልነበረም ሲል ወሰነባት። ማኅበሩን ከ1951 እስከ 1987 የመሩት ዋልተር ባየርስ ስያሜው እንዲህ ያለውን የካሣ ጥያቄ ለመከላከል ታስቦ የተፈጠረና የታዘዘ መሆኑን ጡረታ ከወጡ በኋላ ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል። አንድ ቃል ስንት ዶላር ሊያድን እንደሚችል የሕግ ተማሪዎች ልብ በሉ።

ገንዘቡ ግን ከስያሜው ጋር አልቆመም። የወንዶች የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮናን የማስተላለፍ መብት እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 2032 ሲራዘም፣ ለተጨመሩት ስምንት ዓመታት ብቻ የተስማሙበት ዋጋ 8.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር። አሠልጣኞች በሚሊዮኖች ይከፈላቸዋል። ከዚህ ሁሉ ድርሻው በደንብ የተወሰነበት ተጫዋቹ ብቻ ነበር። የወሰኑትም ጉልበቱን የሚገዙት ተቋማት ተሰብስበው ነው። ሲሚንቶ ሻጮች ተሰብስበው ዋጋ ቢቆርጡ ካርቴል እንላቸዋለን፤ ገዢዎች ተሰብስበው የጉልበትን ዋጋ ሲቆርጡ ግን ስም ሳንሰጠው እናልፋለን።

ሥርዓቱን የነቀነቀው ኤድ ኦባነን ነው። በ1995 ከዩሲኤልኤ ጋር ሻምፒዮን የሆነው ይህ ተጫዋች ምስሉ ያለ ፈቃዱና ያለ ክፍያ በቪዲዮ ጌም ላይ መዋሉን አይቶ በ2009 ከሰሰ፤ በ2014 ዳኛዋ ክላውዲያ ዊልክን ደንቡ የውድድር ሕግን ይጥሳል ብለው ፈረዱ። ሰኔ 21 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአልስተን ጉዳይ፣ ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅሞችን የሚገድበውን ደንብ በዘጠኙም ዳኞች ድምፅ አፈረሰው። ከዐሥር ቀን በኋላ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ እንዲጠቀሙ ተፈቀደ። ሰኔ 6 ቀን 2025 ደግሞ ያችው ዳኛ ዊልክን የሃውስ ስምምነት የተባለውን አጸደቁ፦ ለቀድሞ ተጫዋቾች በዐሥር ዓመት የሚከፈል 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፤ ከ2025–26 ጀምሮም እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በቀጥታ እንዲከፍል ፈቃድ፣ በዚያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር።

እንግዲህ የእኛ የቦሩ ሜዳ ልጅ ሀብታም ሆነ ማለት ነው? አልሆነም። በተማሪ ቪዛ የገባ ሰው በአሜሪካ ምድር ሊሠራ የሚችለው በጠባብ ገደብ ነው፤ ከግቢ ውጭ የሚገኝ የማስታወቂያ ገቢ ቪዛውን ሊያሳጣው ይችላል። አሜሪካዊው ጓደኛው ገንዘብ በሚቀበልበት መልበሻ ክፍል እርሱ አሁንም የ1957ቱ ተማሪ ነው። ከዚህ አዳራሽ ወደዚያ የመሄድ ተስፋ ያላችሁ ይህን ከአሠልጣኝ አፍ ሳይሆን ከስደተኞች ሕግ ባለሙያ ጠይቃችሁ እንድትሄዱ እመክራለሁ።

ስለ ዝውውር በአጭሩ ልናገር። ቀድሞ በቅርጫት ኳስ ኮሌጅ የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ አሠልጣኙ ግን በማግሥቱ ወደ ሌላ ቡድን ሊሄድ ይችል ነበር። በ2018 የዝውውር ፖርታል ተከፈተ፣ በ2021 አንድ ጊዜ ሳይቀመጡ መዛወር ተፈቀደ፣ ከ2024 ወዲህ ደግሞ የትምህርት መስፈርቱን ያሟላ ሁሉ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይዛወራል። መስፈርቱም ዋዛ አይደለም፦ ሦስተኛ ዓመቱን ሲጀምር ለዲግሪው ከሚያስፈልገው ትምህርት 40 በመቶውን፣ በአራተኛው 60፣ በአምስተኛው 80 በመቶውን ያጠናቀቀ መሆን አለበት። በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚቀይር ልጅ፣ የወሰዳቸውን ትምህርቶች አዲሱ ተቋም ካልተቀበለለት፣ ይህን እንዴት እንደሚያሟላ አስቡት። ነጻነቱን አልቃወምም፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን በትምህርቱ በኩል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የቴሌቪዥን ገንዘብ የለውም፤ ስለዚህ የአሜሪካው ጥያቄ በእኛ ዘንድ የሚነሣው በእግር ኳስ ሊጉ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና ክለቦች ከ2012 የውድድር ዘመን ጀምሮ የአንድ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። (የውድድር ዘመኑ ራሱ በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ፤ ጣሪያው ግን ተረፈ።) በዓመቱ ሊጉ ለዲኤስቲቪ በአምስት ዓመት 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ ውል ተሸጠ። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ መጀመሪያ ጣሪያው፣ ቀጥሎ ገቢው።

ለጣሪያው የሚቀርበውን ምክንያት አላቃልልም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ለውኃና ለመንገድ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ለአንድ አጥቂ ደመወዝ ሲውል ነዋሪው የመጠየቅ መብት አለው። ይሁን እንጂ የሕዝብን ገንዘብ መቆጠብ ከተፈለገ የሚገደበው የክለቡ በጀት ነው እንጂ የአንዱ ተጫዋች ደመወዝ ብቻ ለምን ይሆናል? ከገደቡ በላይ የሚፈለግ ተጫዋች ሲኖር ልዩነቱ ከውል ውጭ በእጅ እንደሚከፈል በስፖርቱ ዙሪያ ሲነገር ቆይቷል። እንዲህ ያለው ገንዘብ ግብር አይከፈልበትም፤ ተጫዋቹም ሲጎዳ ወይም ሲከለከል ሊከራከርበት አይችልም፤ በእጁ ያለው ውል 50,000 ይላልና። የሊጉ አክሲዮን ማኅበር ከ2017 የውድድር ዘመን ጀምሮ ገደቡን ከግለሰብ ደመወዝ ወደ ክለቡ ጠቅላላ ወጪ ማዛወሩ፣ በእኔ ግምት፣ ይህን ችግር የተረዳ እርምጃ ነው።

ዋናው ጉድለት ግን በዚህም አልተዘጋም። ጣሪያ በራሱ ነውር አይደለም፤ በአሜሪካ የባለሙያዎች የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤም የደመወዝ ገደብ አለ። እዚያ ገደቡ በሕግ የሚጸናው የተጫዋቾች ማኅበር ከባለቤቶቹ ጋር ተደራድሮ በኅብረት ስምምነት ስለ ፈረመበት ነው። በኮሌጆቹ ሰነድ ላይ የተጫዋቾች ማኅበር ፊርማ አልነበረም፤ ስለዚህ ፈረሰ። የሃውስ ስምምነትም ቢሆን በኅብረት ድርድር አልተገኘም፤ ክርክሩ ገና ያላበቃውም ስለዚህ ነው። በእኛ የ50,000 ብር ውሳኔ ላይ የማን ፊርማ አለ? የፌዴሬሽኑና የክለቦቹ።

አንድ ተጫዋች ይህን ይዞ ፍርድ ቤት ቢሄድ ምን ይገጥመዋል? የአሜሪካኖቹ መንገድ ለእኛ ጠባብ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተፎካካሪዎች በመግዣም ሆነ በመሸጫ ዋጋ ላይ እንዳይስማሙ ይከለክላል፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ነጋዴዎች ነው። የከተማ አስተዳደር ክለብ ነጋዴ ነውን? ከዚህም በላይ በንግድ ነክ አዋጆቻችን «አገልግሎት» ሲተረጐም ደመወዝንና ምንዳን ወደ ውጭ ይተዋል። የተሻለው መንገድ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 በኩል ያለው ይመስለኛል፦ ሠራተኞች ተደራጅተው ከአሠሪ ጋር በኅብረት የመደራደር መብት አላቸው። ይህን መንገድ ለመያዝ ግን ተጫዋቹ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርጉም ሠራተኛ መሆኑ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ካላችሁ እነሆ።

የቦሩ ሜዳውን ልጅ አሜሪካ ትተነው እንዳንቀር፣ አሁን ደግሞ እዚሁ ቀርቶ እግር ኳስ ተጫውቶ ቢሆን ብለን እናስበው። በደሴ ከተማ ወይም በወሎ ኮምቦልቻ አድጎ፣ በሃያ ዓመቱ ወደ አዲስ አበባ ክለብ ይሄዳል። በፊፋ ደንብ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ያሠለጠኑት ክለቦች የማሠልጠኛ ካሣ ይታሰብላቸዋል፤ ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከተሸጠም ከዝውውሩ ዋጋ አምስት በመቶው ለአሳደጉት ይከፋፈላል። ከደሴ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ግን የአገር ውስጥ ዝውውር ነውና የማሠልጠኛ ካሣው በዚያ ደንብ አይመጣም፤ የሚመጣው የአገሪቱ ፌዴሬሽን በራሱ ደንብ ካዘዘና ካስፈጸመ ብቻ ነው። በፖርታሉ ተጫዋቾቻቸውን በየጸደዩ የሚያጡት ትንንሾቹ የአሜሪካ ኮሌጆችም ሕመማቸው ይኸው ነው፤ የሚከፍላቸው የለም። እንግዲህ የተጫዋቹ ነጻነት ሲሰፋ ያሳደገው ክለብ ወጪ በማን ይሸፈን የሚለው ጥያቄ ለጥያቄና መልሱ ክፍለ ጊዜ ይቆይ፤ የኮምቦልቻ ተማሪዎች እጃችሁን አስቀድማችሁ እንዳወጣችሁ አያለሁ።