አንሶላና ሰርተፍኬት ይዘው ለሚመጡ

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩ የሚያወጡት ማስታወቂያ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የስፖርት ትጥቅ። ተማሪውን ስለሚጠብቀው ኑሮ ግን ማስታወቂያው ዝም ይላል።

አዳማ ላይ ይህ ክፍተት ጎልቶ ይታያል። በ1998 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ በ2003 የዛሬ ስሙን ያገኘው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚቀበለው ከመላው አገሪቱ ነው። ከአዲስ አበባው አቻው ጋር የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣልና የሚመጡት በየትምህርት ቤታቸው ከፊት የነበሩ ልጆች ናቸው። አንደኛ መውጣት የለመደ ልጅ ሁሉም አንደኛ በሆነበት ክፍል ሲቀመጥ የመጀመሪያው ሚድ ፈተና ክፉኛ ያስደነግጠዋል። ይህን የሚያህል ጉዳይ በአዳራሽ ኦረንቴሽን አይፈታም። እዚያ ሬጅስትራሩ ስለ ነጥብና ስለ ዋርኒንግ፣ የተማሪዎች ዲን ስለ ዲሲፕሊን ያስረዳሉ፤ ከዚያ ዶርም ድልደላ፣ ሚል ካርድ፣ የወጪ መጋራት ውል ይከተላል።

ከአዳራሽ ኦረንቴሽን ያለፈ መንገድ የሞከሩ አሉ። በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎች ተቃውሞ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ለአዲስ ገቢዎች አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚወስድ ኮርስ ጀመረ። ሐሳቡ በሌሎች ኮሌጆችም ተዛምቷል።

የኢትዮጵያ መንገድ ሌላ ነው። መሰናዶ ትምህርት ሲመጣ የቀረው የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ ገቡበት። በ2015 ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። የሪሚዲያል ፕሮግራም የመጣው ከዚህ ድንጋጤ በኋላ ነው። ሁለቱም የዕውቀትን ጉድለት ይሞላሉ፤ ብቸኝነትን፣ ገንዘብ አያያዝን፣ የሰዓት አጠቃቀምን ግን እምብዛም አይነኩም።

ይህን ሸክም የተሸከሙት ሌሎች ናቸው። ሲኒየሮች የትኛው መምህር ፈተና ከየት እንደሚያወጣ ይነግራሉ፣ ያለፈውን ዓመት ፈተናና ሃንድአውት ያቀብላሉ። የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤው፣ የሙስሊም ጀመዓውና የወንጌላውያን ኅብረቱ አዲሶቹን ፈልገው ያገኛሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንድ እርምጃ ሄዶ፣ በቃል ኪዳን ቤተሰብ ፕሮጀክቱ ተማሪውን ከከተማው አንድ ቤተሰብ ጋር ያስተዋውቃል፤ በበዓል ቀን የሚሄድበት ቤት ይኖረዋል። አዳማን ለመሰለ እንግዳ ለለመደ ከተማ ይህ የሚከብድ አይመስልም።

በስምጥ ሸለቆው ከተሞች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ቋንቋ። ከመቂ ወይም ከባቱ የመጣ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ፣ ዶርም ውስጥ አማርኛ ከሚያወራ ጓደኛ ጋር ይተኛል፣ ካልኩለስ በእንግሊዝኛ ይከታተላል። የአማራ ክልሉ ልጅም በበኩሉ ከግቢ ወጥቶ ባጃጅ ሲይዝ ዙሪያውን አፋን ኦሮሞ ይሰማል። የመጀመሪያዎቹን ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምሩት እርስ በርሳቸው ነው፤ ማታ፣ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተጠያየቁ።