«ይቅር በይው» ከማለታችን በፊት

«ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በይ ተብሏል፤ ቻይው።» ባሏ የደበደባት ሴት ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ ሽማግሌዎች ያሏትን ስትደግምልኝ ሰምቻለሁ። የተቀመጠችው በሩ አጠገብ ነበር።

እስቲ ማቴዎስ 18ን ከላይ ጀምረን እናንብበው። ጴጥሮስ ስለ ይቅርታ የጠየቀው ቁጥር 21 ላይ ነው። ከዚያ በፊት፣ ቁጥር 6 ላይ፣ ምዕራፉ ታናናሾችን ስለሚያሰናክል ሰውና ስለ ወፍጮ ድንጋይ ይናገራል። ከ15 እስከ 17 ደግሞ በዳይ እንዲወቀስ፣ እምቢ ካለ ምስክር እንዲቆምበት፣ ጉዳዩም ለቤተ ክርስቲያን እንዲነገር ያዛል። (የተደበደበች ሴት ብቻዋን ትጋፈጠው ማለቴ አይደለም፤ አደገኛ ነው።) እኛ ግን፣ አገልጋዮችም አማካሪዎችም፣ ይህን ሁሉ ዘለን «ሰባ ጊዜ ሰባት» የሚለው ቁጥር 22 ላይ እናርፋለን።

ይቅርታ ቂምን መተው ነው። እርቅ የበዳዩን ንስሐ ይፈልጋል። ወደ ቤት መመለስ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱን የሚወስነው ደኅንነቷ ነው። «የቤት ገመና» የምንለው ድብደባ እኮ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የተደነገገ ወንጀል ነው።

ካህን፣ ፓስተር ወይም ሽማግሌ ከሆናችሁ «ይቅር ብለሽዋል?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቋት።