ከስልክ ጋራ ስለሚሸጥ የልጆች ትምህርት

በአርባ ምንጭ ከተማ ስልክና ታብሌት የሚሸጡ ነጋዴዎች አንድን ጥያቄ አዘውትረው ይሰማሉ። ገዢው ስለ ባትሪውና ስለ ካሜራው ከጠየቀ በኋላ፤ የልጆች አባት ወይም እናት የሆነ እንደ ሆነ፤ «ልጄ ሊማርበት የሚችል ነገር አለበትን?» ይላል። ሻጩም ብዙውን ጊዜ «ከኢንተርኔት ሁሉም ይገኛል» ብሎ ያሰናብተዋል። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከጨንቻ ወይም ከቦንኬ ደጋ ወርዶ ሲቀላ ገበያ ገዝቶ ለሚመለስ ሰው የሚጠቅመው ጥቂት ነው። ኔትዎርክ በሚደክምበት ቀበሌ፤ የዳታ ጥቅል በየጊዜው ለመግዛት አቅም ለሌለው ቤተ ሰብ፤ «ሁሉም ይገኛል» ማለት «ምንም የለም» ከማለት አይለይም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋው እንዴት እንደ ናረ ለአስመጪዎች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሽሮ ሜዳ ተቀምጦ ጥበብ እየሸመነ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለአንድ ታብሌት ያዋለ የዶርዜ ሸማኔ፤ ልጁ የመኪና እሽቅድምድም ብቻ ሲጫወትበት ቢያገኘው የሚያዝነው በልጁ ብቻ አይደለም፤ በሸጠለትም ሰው ነው። ደንበኛም የሚሸሸው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ለነጋዴው አዲስ አይደለም። ዘፈንና ፊልም በሚሞሪ ካርድ እየጫኑ መስጠት በየከተማው የታወቀ ሥራ ነው፤ ትምህርትም በዚሁ መንገድ ሊጫን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ በሚገኙ ሁለት መንደሮች፤ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች ታብሌት በካርቶን እንደ ታሸገ ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ አልነበረም፤ መሣሪያው በፀሐይ ኃይል ይሞላ ነበር፤ በየሳምንቱም ሰው እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን ይለውጥ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፤ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ መሣሪያውን አብርቶታል፤ በሁለት ሳምንትም የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ይሰማ ጀመር። ይህ የራሱን ዕቃ የሚያመሰግን ሰው ቃል መሆኑን ነጋዴ አይስተውም፤ ይሁን እንጂ ኢንተርኔት በሌለበት መንደር ካርድ ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

በአማርኛ ከተሠሩት ሁሉ ግንባር ቀደም ሆኖ የሚጠቀሰው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋራ ባቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተዘጋጀው ይህ ትርኢት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለሕፃናት ታይቷል። ፀሐይ የ6 ዓመት ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት ብትሆንም ጠያቂነቷ እንደ ማንኛውም የሰፈር ልጅ ነው። ዝግጅቱ በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል፤ ብሩክታዊትም በ2010 ከሮሌክስ የወጣቶች ሽልማት ተቀብለዋል። አሁን በዩቲዩብ ይገኛል። ነገር ግን ባለቤት ያለው ሥራ ነውና ነጋዴው አድራሻውን ለገዢው ቢያሳየው መልካም ነው፤ ያለ ፈቃድ ቀድቶ መሸጥ ግን የሌላውን ሰው ድካም መውሰድ ነው።

ያለ ስጋት ሊጫኑ የሚችሉት የተረት መጻሕፍት ናቸው። የሕንዱ ፕራትሃም ቡክስ በ2015 የከፈተው «ስቶሪዊቨር» እና ከደቡብ አፍሪካ የሚዘጋጀው «አፍሪካን ስቶሪቡክ» የተባሉት ድረ ገጾች በአማርኛም በሥዕል የተዋቡ ተረቶች አሏቸው። የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም ሳያጠፉ በነፃ ማውረድና ማባዛት ይፈቀዳል፤ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴም በወረቀት ሊያትማቸው ይችላል። ለሽያጭ ከማዋሉ በፊት ግን በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ፈቃድ ማንበብ ይገባዋል። ከመተግበሪያዎች መካከል ከ2 እስከ 8 ዓመት ለሆናቸው የተሠራው «ካን አካዳሚ ኪድስ»፤ ስሌትና ማስተዋልን የሚያለማምደው «ጂኮምፕሪ»፤ ልጆች ሥዕል እያንቀሳቀሱ ተረት የሚፈጥሩበት «ስክራች ጁኒየር» ክፍያም ማስታወቂያም የላቸውም። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከሕፃኑ አጠገብ ቋንቋውን የሚያውቅ ታላቅ ቢኖር ይሻላል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። የጋሞ ደጋ ሕፃን ግን አፉን የፈታው በጋሞኛ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝኛው መተግበሪያ የቋንቋውን ድምፅ አያስተምረውም። ቋንቋ በዚህ አገር ቀላል ነገር አለመሆኑን ለማስታወስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወላይትኛ፤ ጋሞኛ፤ ጎፍኛና ዳውሮኛ ተዋሕደው «ወጋጎዳ» በተባለ ቋንቋ የመማሪያ መጻሕፍት ታትመው ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. ግን በሶዶ ከተማ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተሰበሰቡ። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሕዝብ ማተም በሒሳብ ርካሽ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ሰው የኔ ነው ያላለውን ዕቃ በነፃም ቢሆን አይቀበልም።

በስቶሪዊቨር ላይ ማንም ሰው ተመዝግቦ አንድን ተረት ወደ ራሱ ቋንቋ ሊተረጕም ይችላል። ዩኒቨርሲቲ ባለባት አርባ ምንጭ ጋሞኛ አሳምሮ የሚጽፍ መምህር አይጠፋም፤ ነጋዴዎች ተባብረው ለዐሥር ተረቶች ትርጕም የሚከፍሉት ገንዘብም ከአንድ ጥሩ ታብሌት ዋጋ የሚበልጥ አይመስልም። በተጫነው ተረት መጨረሻ ላይ የሱቆቹ ስም ቢጻፍ ክፉ ማስታወቂያ አይሆንም።

የቀረው ጥንቃቄ ነው። «ነፃ» ከተባሉት ጨዋታዎች ብዙዎቹ በየደቂቃው ማስታወቂያ ያመጣሉ፤ ሕፃን የማይገባው የውርርድ ማስታወቂያ ሳይቀር ይወጣል፤ ዳታውንም ይበላሉ። ስለዚህ ሻጩ የጫነውን ሁሉ ለገዢው ከማስረከቡ በፊት በፊቱ ዳታውንና ዋይፋዩን ዘግቶ አንድ በአንድ ይክፈተው፤ ያልተከፈተውን ያጥፋው። ሥራው ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ገዢውም የትኛው ቤቱ ደርሶ እንደሚሠራ በዓይኑ አይቶ ይሄዳል።