ትምባሆና የሕክምና ተማሪዎች በኢትዮጵያ

የሕክምና ተማሪዎች የትምባሆ አጠቃቀም፣ ነገ ሐኪም የሚሆኑ ወጣቶች ራሳቸው ምን ያህል እንደሚያጨሱ፣ ስለ ጉዳቱ ምን እንደሚያውቁና ሕመምተኛን ከሱሱ ለማላቀቅ ምን ያህል እንደሠለጠኑ የሚጠናበት የኅብረተሰብ ጤና ርዕስ ነው።

በኢትዮጵያ አጫሾች ከብዙ አገሮች አንጻር ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች 5 በመቶው (ከወንዶች 8.1፣ ከሴቶች 1.8 በመቶ) ትምባሆ ይጠቀሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ600 በላይ የሕክምና ተማሪዎች ሲጠየቁ ደግሞ 9 በመቶ ያህሉ ሲጋራ ሞክረው እንደሚያውቁ ተናግረዋል፤ በወቅቱ ያጨሱ የነበሩት ግን 1.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጫት የሚቅሙት ይበዙ ነበር፣ 7 በመቶ ያህል። መልሱ ተማሪው በራሱ አንደበት የሰጠው ስለሆነ በጥንቃቄ መነበብ አለበት፤ ማጨስ በሚያሳፍርበት አገር፣ በተለይ ለሴት ተማሪ፣ «አላጨስም» ማለት ይቀላል።

ሲጋራ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከጓደኛ ጋር ነው። ለፈተና ሌሊቱን ለማንጋት ጫት ይዞ የተቀመጠ ተማሪ፣ ምርቃናው ሲመጣ ከጎኑ የተለኮሰውን ይቀበላል። ኒኮቲን ከተሳበ በኋላ በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ግን በሁለት ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሱስ የያዘው ሰው ያኔ ሐራራ ይጀምረዋል፤ ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ ይበተናል። ቀጣዩ ሲጋራ «ጭንቀት አቀለለልኝ» የሚያሰኘው በአብዛኛው ያለፈው ሲጋራ ያመጣውን ሐራራ ስላስታገሰ ነው።

ዕውቀት ብቻውን ከማጨስ አያድንም፤ ሆኖም ሐኪሞችን የለወጠበት ጊዜ አለ። ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1951 የብሪታንያ ሐኪሞችን ራሳቸውን ማጥናት ጀመሩ። ዶል ራሱ አጫሽ ነበር፤ ቀደም ሲል በለንደን ሆስፒታሎች ያደረጉት ጥናት ውጤት ሲታየው አቆመ። የሐኪሞቹ ክትትል 50 ዓመት ቆይቶ፣ ማጨስን ያልተዉት ከማያጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። በ30 ዓመት ዕድሜ ገደማ ያቆመ ሰው ይህን ኪሳራ ከሞላ ጎደል ያስቀራል፤ በ60 ያቆመ 3 ዓመት ያህል ያተርፋል። ለተማሪ ትልቁ ዜና ይህ ይመስላል፤ አብዛኛው ገና 30 አልሞላውምና።

ዋናው ክፍተት በሥልጠናው ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በብዙ አገሮች የሦስተኛ ዓመት የጤና ተማሪዎችን ሲጠይቁ፣ አብዛኞቹ የጤና ባለሙያ ሕመምተኛን መምከር አለበት ብለው አመኑ፤ እንዴት እንደሚመከር በመደበኛ ትምህርት የተማሩት ግን ጥቂት ነበሩ። ምክሩ ሦስት ደቂቃ ሊበቃው ይችላል፦ ስለ ማጨሱ መጠየቅ፣ እንዲያቆም በግልጽ መምከር፣ ፈቃደኛነቱን መመዘን፣ የሚያቆምበትን ቀን አብሮ መወሰን፣ ከዚያም ቀጠሮ ሰጥቶ መከታተል።

ሕጉ ጠንካራ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታ ክፍሎች ውስጥ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያን እንዲሁም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ በፓኮው ላይ 70 በመቶ የሚሸፍን የሥዕል ማስጠንቀቂያም ያዝዛል። ይሁንና ከንፋስ ስልክ ላፍቶው ለቡ መብራት ኃይል አንስቶ በየሰፈሩ ሱቅና በሱቅ በደረቴ ሲጋራ በነጠላ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ሥዕሉ ከነፓኮው ሻጩ ዘንድ ይቀራል።

ይህ የሕመምተኛን ታሪክ አወሳሰድም ይነካል። መጽሐፉ በቀን የሚጨሰውን ፓኮ በዓመታት ቁጥር አባዛ ይላል፤ በነጠላ የሚገዛ ሰው ግን «ስንት ፓኮ?» ሲባል ግራ ይገባዋል። በፍሬ ጠይቆ ለ20 ማካፈል ይሻላል፤ በቀን 5 ፍሬ ለ20 ዓመት ያጨሰ 5 «የፓኮ ዓመት» አለው ማለት ነው። ሱረትና ጋያም ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» የተባሉ ጋያ ሳቢ ሽማግሌ «የለም» ቢሉ አልዋሹም።