የአየር ሰዓት ሲሸጥ

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ውስጥ አንዲት ቸርቻሪ ከገዢዋ ጋር በአፋን ኦሮሞ ተከራክራ፣ ለጎረቤቷ በሶማልኛ መልሳ፣ ባጃጁን በአማርኛ ትጠራለች። የከተማዋ አስተዳደር ብዙኃን መገናኛም በእነዚሁ ቋንቋዎች ያሰራጫል። ሦስት ቋንቋ ማለት ግን ሦስት እጥፍ ሥራ ነው። የሰው ኃይሉና በጀቱ በዚያው ልክ ካላደገ፣ አንድ ዜና ሦስት ጊዜ ይተረጎማል እንጂ ሦስት ዜና አይዘገብም።

በሌሎች የአገራችን ኤፍኤም ጣቢያዎች ደግሞ የሥራው ጥራት የሚጎድልበት ምክንያት ከገንዘቡ መንገድ ይጀምራል። ብዙዎቹ ሙሉ ቀኑን በራሳቸው ባልደረቦች አይሞሉም፤ ከፊሉን ለተባባሪ አዘጋጆች ይሸጣሉ። ተባባሪ አዘጋጅ ማለት ለጣቢያው የሰዓት ኪራይ ከፍሎ፣ የራሱን ፕሮግራም ይዞ የሚገባ ሰው ነው። ወጪውን የሚሸፍነው ስፖንሰር ነው። ስፖንሰር ቢያገኝም ባያገኝም ኪራዩ አይቀርለትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በብሮድካስት የአልኮል ማስታወቂያ ሲከለክል የቢራ ፋብሪካዎች ገንዘብ ተቋረጠ። ክልከላው ለጤና ይበጃል፤ በቢራ ስፖንሰር የቆመው የሙዚቃና የስፖርት ፕሮግራም ግን ሌላ ደጅ መጥናት ነበረበት።

ኪራይ የሚያሳድደው አዘጋጅ ከምን ይቀንሳል? ከማይሰማው ሥራ። ዘጋቢ ቀፊራ ልኮ የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ ከሦስት ሻጮች ማጣራት ትራንስፖርትና ግማሽ ቀን ይጠይቃል። ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ የእግር ኳስ ወሬ ማንበብ ግን ምንም አያስወጣም። አድማጭ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ድምፅ ስለሚሰማቸው ልዩነቱን ቶሎ አያውቀውም።

በድምፁ ጥራት ላይም ያው ነው። ኤፍኤም እስከ 15,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ያስተላልፋል፤ ተራ የስልክ መስመር ግን በግምት ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ብቻ ነው። እንግዳ ስቱዲዮ ከመጋበዝ በስልክ ማናገር ስለሚቀልል፣ የሚሰማው ድምፅ ማሰራጫው ከሚችለው እጅግ ያነሰ ይሆናል። ዘፈኑም ብዙ ጊዜ ከኢንተርኔት የወረደ፣ መጠኑ እንዲቀንስ የተጨመቀ ፋይል ነው፤ መጭመቅ ደግሞ ከድምፁ ይቆርጣል። ከዚያ ጣቢያው ከጎረቤቱ በልጦ እንዲሰማ ለስላሳውንና ጩኸቱን እኩል ያደርገዋል። ጆሮ የሚደክመው በዚህ ነው።

የአሠራሩ ውጤት ጎልቶ የሚታየው በአደጋ ጊዜ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ደቻቱ ክፉ የሚሆነው ዝናቡ ደጋው ላይ ሲጥል ነው፤ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድም ውኃው ይደርሳል። ስለዚህ ወንዙ ዳር የሚተኛን ሰው ሊያስነሳ የሚችለው፣ የላይኛው ቀበሌ ሰው ስልክ ቁጥር ያለውና ዘፈኑን አቋርጦ የመናገር ሥልጣን የተሰጠው ተረኛ ጋዜጠኛ ነው። ኮምፒዩተር ብቻውን ዘፈን በሚያጫውትበት ሌሊት ይህ ሰው የለም። ለእርሱ ደመወዝ የሚከፍል ስፖንሰርም አይመጣም።

ሕጉም ይህን ክፍተት አልሞላም። በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ በ2013 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ የተተካው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ማስታወቂያ ከሥርጭቱ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር። ገደቡ የሚቆጥረው ደቂቃ ነበር፤ በቀረው 80 በመቶ ውስጥ ያለውን አጣርቶ የሠራ ሰው ይኑር አይኑር አይነግረንም ነበር።

ተባባሪ አዘጋጅነት ክፉ ነው ማለት ይከብዳል፤ ያለ እርሱ ብዙ ጥሩ ፕሮግራሞች ባልተወለዱ ነበር። ችግሩ ሽያጩ ሳይሆን የሚሸጠውና የማይሸጠው ሳይለይ መቅረቱ ነው። የማለዳ ዜና፣ የገበያ ዋጋና የሌሊት ተረኛ ከኪራይ ውጭ ሆነው በጣቢያው በጀት ይያዙ። የከተማ አስተዳደር ጣቢያ ደግሞ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ስለሆነ ይህን ለመጀመር የመጀመሪያው ተጠያቂ እርሱ ነው።