በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ወታደር ማን ነው?

በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ ከጠላት ወረራ ዘመን የቀረ ፎቶግራፍ በሣጥን ያኖሩ ቤቶች አሉ። ጠመንጃ ይዞ የቆመው ሰው ግን አርበኛ ነው ወይስ ለጠላት ያደረ? በዚህ መሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። አርበኛውን ባንዳ ማለት ሙትን ማዋረድ ነው፤ ባንዳውንም አርበኛ ማለት የሌላውን ደም ዋጋ ማሳጣት ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚለይበትን መንገድ በአጭሩ ልገልጥ እወዳለሁ።

ከደባርቅ በስተሰሜን፣ መንገዱ ወደ ሊማሊሞ ገደል በሚወርድበት በወልቀፊት በር የጣሊያን ጦር መሽጎ ነበር። በኮሎኔል ጎኔላ የሚታዘዘው ይህ 3000 ያህል ሰው ያለበት ጦር መስከረም 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ማግስት እጁን ሰጠ። በዚያ ዘመቻ በአንድ ወገን የወገራና የስሜን አርበኞች፣ ከእንግሊዝ ጋር የመጡ የሕንድና የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ነበሩ፤ በሌላው ወገን ጣሊያኖችና ያሰለፏቸው የቅኝ አገር ወታደሮች ነበሩ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ከነዚህ ካንዱ ሊሆን ይችላል።

አንደኛ፣ ፎቶግራፉ ተገልብጦ የታተመ እንዳይሆን መመርመር ነው። የጠመንጃ ማቀባበያ እጀታ እንደ ልማዱ በስተቀኝ ስለ ሆነ፣ በግራ ከታየ ሥዕሉ ተገልብጧል።

ሁለተኛ ልብሱ ነው። የጣሊያን አስካሪ ዘርፍ ያለው ረጅም ታርቡሽ ያደርጋል፤ የመቀነቱ ቀለም ሻለቃውን ያመለክት ነበር፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለሙን አይነግረንም። ከሕንድ ወታደሮች ብዙዎቹ ጥምጥም አላቸው። አርበኛው የደንብ ልብስ የለውም፤ ጎፈሬው፣ ኩታውና ዝናሩ ይታያሉ።

ሦስተኛ ጠመንጃው ነው፤ ይህ ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም። አርበኛው ከወጅግራና ከምንሽር ሌላ ከጠላት የማረከውን የጣሊያን ጠመንጃም ይይዝ ነበርና።

አራተኛ፣ በጀርባው የተጻፈው ዘመን ነው። ፈረንጆች 1941 የሚሉት ዓመት በእኛ እስከ ጳጉሜን 1933፣ ከመስከረም ወዲህ 1934 ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው አንዱን ጦርነት ከሌላው ያምታታል።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ የሚነግረን የሰውየውን ጦር እንጂ ስሙን አይደለም። በሎንዶን ኢምፔሪያል የጦርነት ሙዚየም ካሉት ፎቶግራፎች አንዱ የኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ ወታደሮች በወልቀፊት የተማረከውን መሣሪያ ሲሰበስቡ ያሳያል። መግለጫው ጦሩንና ቦታውን ይናገራል፤ የወታደሮቹን ስም ግን አይናገርም። ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከኒያሳላንድ የሚመለመሉት እነዚያ ወታደሮችም እናት ያወጣችላቸው ስም ነበራቸው።

ስምን የሚያውቅ የቤተ ዘመድ ትዝታ ነው። ስንጠይቅም «ይህ እገሌ አይደለም ወይ?» ብለን መልሱን ባፋቸው አናስቀምጥ፤ «ይህ ማን ነው?» ብለን ሁለት ሰዎችን ለየብቻ እንጠይቅ። ሁለቱ አንድ ስም ከጠሩና ልብሱም ዘመኑም ካልተቃወመ፣ ያን ጊዜ ልናምን እንችላለን። መልሱ ያልወደድነው ቢሆንም እንኳ እውነቱን መጻፍ ይገባናል።

የዚያ ዘመን ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ነገሩ በልጆችና በልጅ ልጆች አፍ ቀርቷል። ስለዚህ እናንተ ወላጆችና ጓደኞቼ፣ በእጃችሁ ካለው ፎቶግራፍ ጀርባ የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና ዘመኑን ለስላሳ በሆነ እርሳስ ጻፉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው የሚጽፈው ሰው ሲኖር ነው።