አልጋ መደርደር ቀላሉ ሥራ ነው

«ወረርሽኝ ሲመጣ አልጋ ቢጨመር አይበቃም ወይ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። ነርስ ነኝ፤ በኮቪድ ጊዜም ሥራ ላይ ነበርኩ። የማውቀውን ላስረዳ።

አልጋ መጨመር ይቻላል፤ ተችሎም አይተናል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለኮቪድ ተለቀቀ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ደግሞ በኮንሰርትና በኤግዚቢሽን የምናውቀው ሚሊኒየም አዳራሽ 1,000 ያህል አልጋ ተዘርግቶበት የሕክምና ማዕከል ሆነ። ጭንቁ የሚጀምረው አልጋው ላይ ሰው ሲተኛ ነው።

መጀመሪያ ኦክስጅን። ትልቁ ሲሊንደር 6,800 ሊትር ያህል ይይዛል። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን በደቂቃ 1 ሊትር ቢበቃው አንዱ ሲሊንደር ከአራት ቀን በላይ ያቆየዋል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚፈልግ አዋቂ በ11 ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠን (ሳቹሬሽኑ) ክፉኛ ወርዶ በደቂቃ 60 ሊትር የሚሰጠውን የኮቪድ ታማሚ ግን ሁለት ሰዓት እንኳ አያደርሰውም። እንዲህ ያሉ አሥር ሰዎች ቢተኙ ለአንድ ሌሊት ብቻ ከ60 በላይ ሲሊንደር ሊፈጁ ነው። ያን ሁሉ የሚሞላ ፋብሪካ፣ የሚያመላልስ መኪና፣ ደረጃ ላይ የሚያወጣ ጉልበት ያስፈልጋል። በብራዚሏ ማናውስ ከተማ በጥር 2013 ዓ.ም. ታማሚዎች አልጋቸው ላይ እንዳሉ የሞቱት ኦክስጅን አልቆ ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ነው። የጽኑ ሕሙማን ነርስ በአንድ ሳምንት ሥልጠና አይገኝም። ሙሉ መከላከያ ልብስ የለበሰ ሰው ውሃ አይጠጣም፣ ሽንት ቤት አይሄድም፤ ስለዚህ ፈረቃው ማጠር አለበት። ፈረቃ ሲያጥር ደግሞ ለዚያው ክፍል ብዙ ሰው ያስፈልጋል። በዚህ መሐል አንድ ባልደረባ ፖዘቲቭ ከሆነ «ንክኪ አላችሁ» የተባሉት ሁሉ ለይቶ ማቆያ ይገቡና የፈረቃው ሠንጠረዥ ይፈርሳል። የባሰም አለ። ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን በመታበት ጊዜ ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፣ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ 8 በመቶ ያህሉን በሞት አጥታለች። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም የነሱ ቦታ ለዓመታት ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ሦስተኛው በየዕለቱ መግለጫ ላይ የማይጠቀሰው፣ ቫይረሱ ጭራሽ ያልያዘው ታማሚ ነው። ለወረርሽኙ የተለቀቀ ሆስፒታል ከሌላ ታማሚ ላይ የተወሰደ ነው። የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ይራዘማል። የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ ወረርሽኙን ፈርቶ ክትትሉን ያቋርጣል። ነፍሰ ጡሯ ጤና ጣቢያ ከመሄድ ቤቷ መውለድን ትመርጣለች። በዚያው መጋቢት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የደም ባንክም ተጎድቷል፤ ብዙ ደም የሚሰበሰበው ከተማሪዎች ነውና። ክፍል መዝጋት ተገቢ ውሳኔ ነበር፤ ዳፋው ግን ወልዳ ለምትደማ እናት ደም እስከማጣት ሊደርስ ይችላል።

ይህ ሁሉ ግን አይቀሬ ዕጣ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሊካሄድ የታቀደው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ በኮቪድ ምክንያት ተራዘመ። ኩፍኝ ደግሞ ኮቪድ እስኪያልፍ አይጠብቅም። ስለዚህ ወረርሽኙ ገና እየጨመረ ሳለ፣ ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ፣ ባለሙያዎች ጭንብል አድርገውና ርቀት አስጠብቀው ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ከተቡ። ወረርሽኝን መዋጋትና የዘወትሩን ሥራ መቀጠል አብረው እንደሚሄዱ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

እናም ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ መግለጫ ሲሰጥ፣ «ስንት አልጋ ተዘጋጀ?» ብላችሁ አታብቁ። ኦክስጅኑን ማን ያመርታል? አንድ ነርስ ስንት ታማሚ ትይዛለች? የወሊድና የክትባት አገልግሎቱ ወዴት ተዛወረ? ብላችሁ ጠይቁ። የዘወትር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ የቀጠሯችሁ ቦታ ከተቀየረ ደውላችሁ አዲሱን አጣሩ እንጂ መድኃኒቱን አታቋርጡ። ደም መስጠት የምትችሉ ሂዱና ስጡ፤ ለዚህ ወረርሽኝ መጠበቅም አያስፈልግም።